199 የማን ቁጥር ነው? ስለ ሳሙና፣ ስለ ኮስቲክና ስለ ሞል

ጥያቄ፦ «ሦስት ሴቶች ተደራጅተን ደረቅ ሳሙና መሥራት ጀምረናል። በ20 ሊትር ጄሪካን የሚመጣ የፓልም ዘይትና በጆንያ የገዛነውን ኮስቲክ ሶዳ ነው የምንጠቀመው። ሥልጠና ላይ የተሰጠን ወረቀት ‹ፓልም፦ 199› ይላል። ለ1 ኪሎ ዘይት 199 ግራም ማለት ነው ተባልን። በዚያ ሂሳብ ለአንድ ጄሪካን 4 ኪሎ ኮስቲክ አስገባን። ሳሙናው የአክስቴን እጅ ላጠው። ደንግጠን ወደ 2 ኪሎ አወረድነው፤ አሁን ደግሞ ቅባቱ ጨርቅ ላይ ይቀራል። በ2 ኪሎ ተኩል አንድ ጊዜ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ 2 ኪሎ ተኩል፣ ከዚያው ጆንያ፣ በዚያው ዘይት ደገምነው፤ እንደገና ቅባት። 11ኛ ክፍል የሆነው ወንድሜ ‹ይሄ እኮ የሞል ስሌት ነው› ይላል። አስላው ስለው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ልኩ ስንት ነው? የተበላሸውስ ይድናል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከአክስትሽ እጅ እንጀምር። ኮስቲክ የነካው ቆዳ ወዲያው በሚወርድ ውሃ ይታጠባል፤ ለረጅም ጊዜ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ። ሎሚ ወይም አቼቶ አይፈስበትም። «አሲድ ያረክሰዋል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ሲረክስ ግን ሙቀት ያወጣል፤ በቁስል ላይ ቃጠሎ መጨመር ነው። እጇ እስካሁን ካልሻረ ጤና ጣቢያ ትሂድ። በ4 ኪሎ ከሠራችሁት ሳሙና የሸጣችሁት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሰብስቡት። አይጣልም፤ መዳኛ አለው።

ልኩን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን የሚበቃው ንጹህ ኮስቲክ ወደ 2 ኪሎ ከ455 ግራም ነው። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ካልገባሽ ግን ነገ ዘይት ስትቀይሪ እንደገና ትቸገሪያለሽ። ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ወንድምሽ ልክ ነው፤ የሞል ስሌት ነው። ትምህርት ቤት ላይ ችግሩ ሞልን ሰሌዳ ላይ ያስተምሩናል፣ ሚዛን ላይ አያሳዩንም። እኔም በሳሙና ፋብሪካ ላብራቶሪ ተቀጥሬ የመጀመሪያውን ወር እስክጨርስ ድረስ ፈተና የማልፍበት እንጂ የምሠራበት ነገር አይመስለኝም ነበር።

ወደ ወጥ ቤት ግቢ። 1 ኪሎ ሽምብራና 1 ኪሎ ምስር መዝኚ። ኪሎው እኩል ነው። ፍሬው ግን እኩል አይደለም፤ ምስሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሁን «እያንዳንዱ ሽምብራ ሦስት ሦስት ምስር ይያዝ» ብልሽ ስንት ኪሎ ምስር ትፈልጊያለሽ? ቁጭ ብለሽ ፍሬ መልቀም የለብሽም። አንድ ሽምብራና አንድ ምስር ምን ያህል እንደሚመዝኑ ካወቅሽ ሚዛኑ ራሱ ይቆጥርልሻል።

ሳሙናም ይኸው ነው። ሽምብራው ዘይት፣ ምስሩ ኮስቲክ። ሚዛን የሚያውቀው ግራም ነው፤ ኬሚካሎቹ ግን ግራም አያውቁም፣ በፍሬ ነው የሚገናኙት። ሞል ደግሞ የቁጥር ስም ብቻ ነው። ደርዘን ስንል 12 እንደምንል፣ ሞል ስንል 602 ጽፈን ከኋላው 21 ዜሮ የምንደረድርበትን ቁጥር ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር የተመረጠው ሂሳቡ እንዲመች ነው። የአንድ ፍሬ ክብደት በአቶም መለኪያ 40 ከሆነ፣ የአንድ ሞል ክብደት 40 ግራም ይሆናል። በቃ።

ኮስቲክ ሶዳን እንይ። አንድ ሶድየም፣ አንድ ኦክስጅን፣ አንድ ሃይድሮጅን ነው። 23፣ 16 እና 1፤ ድምሩ 40። ስለዚህ 40 ግራም ኮስቲክ አንድ ሞል ነው።

ዘይቱ ትንሽ ይወሳሰባል። የዘይት ሞለኪውል ሦስት ረጃጅም ጅራት አለው። ሦስቱንም አንድ ግሊሰሪን አንድ ላይ ይዟቸዋል። ኮስቲኩ እየመጣ ጅራቶቹን ይነቅላል፤ አንድ ኮስቲክ ለአንድ ጅራት። የተነቀለው ጅራት ከሶድየሙ ጋር ሲጣመር እሱ ነው ሳሙና። ይህን የስብ አሠራር ፈትቶ ያሳየው ፈረንሳዊው ሚሼል ሸቭረል ነው፤ ሥራውን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። (ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል። ሳሙና ዕድሜ ይቀጥላል አልልም፣ ግን ለማስታወቂያ ባይከፋም።) እንግዲህ እኩልታው ይኸው፦ 1 ዘይት ከ3 ኮስቲክ ጋር ሲገናኝ 3 ሳሙናና 1 ግሊሰሪን ይሰጣል።

የፓልም ዘይት የአንድ ሞሉ ክብደት በአማካይ ወደ 845 ግራም ነው። «በአማካይ» ያልኩት ዘይት የብዙ ዓይነት ጅራት ቅልቅል ስለሆነ ነው። አሁን 1 ኪሎ ፓልም ውሰጂ። 1000ን ለ845 ስታካፍዪ 1.18 ሞል። እያንዳንዱ ሦስት ኮስቲክ ስለሚፈልግ በ3 ስታባዢ 3.55 ሞል። እያንዳንዱ የኮስቲክ ሞል 40 ግራም ስለሆነ በ40 ስታባዢ 142 ግራም። ለወንድምሽ ንገሪው፤ መንገዱ ሁሌም ይኸው ነው። ከግራም ወደ ሞል፣ በእኩልታው በኩል ወደ ሌላው ሞል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ግራም። መሃል ያለችው 3 ቁጥር ናት ድልድዩ።

142 አልን። ወረቀታችሁ ግን 199 ይላል። ታዲያ ማን ነው የዋሸው?

ማንም አልዋሸም። 199 የሌላ ኬሚካል ቁጥር ነው። በዘይት ንግድ ውስጥ፣ ዘይት ስንት አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ፣ እንደ ኮስቲክ ያለ) እንደሚፈልግ የሚለካው በኮስቲክ ሶዳ ሳይሆን በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የቆየ ልማድ ነው፤ የዘይት የምስክር ወረቀት ላይ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ፖታሽየሙ ለስላሳና ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራበት ነው። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፣ እሱም ጅራት ይነቅላል። ግን ይከብዳል፤ አንድ ሞሉ 56.1 ግራም ነው። ምስሩን በባቄላ እንደመተካት በይው። የፍሬው ቁጥር ያው፣ ኪሎው ግን ሌላ። ስለዚህ 199ን በ40 አባዝተሽ ለ56.1 ስታካፍዪ ቁጭ፣ 142። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ቁጥሩን ገልብጧል፤ የማን ቁጥር እንደሆነ አልገለበጠም።

ሁለተኛም ስህተት አለ። ለ1 ኪሎ 199 ግራም ከሆነ፣ 4 ኪሎ የሚመጣው ዘይቱ 20 ኪሎ ሲሆን ነው። ጄሪካኑ ግን 20 ሊትር ነው እንጂ 20 ኪሎ አይደለም። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለዚያ ነው። 1 ሊትር ፓልም ወደ 910 ግራም ይመዝናል። 20 ሊትሩ 18.2 ኪሎ ነው። ሁለቱ ስህተቶች አንድ ላይ ሆነው ነው የአክስትሽን እጅ የላጡት። ከዛሬ ጀምሮ ጄሪካኑን ሙሉውን መዝኚ፣ ባዶውን መዝኚ፣ ቀንሺ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር እርሺው። አንዳንዱ ጄሪካን ሙሉ አለመሆኑንም እግረ መንገድሽን ታያለሽ።

አሁን 18.2ን በ142 አባዢ፤ 2 ኪሎ ከ584 ግራም። ይህ ዘይቱን ጥርግ አድርጎ የሚጨርስ ልክ ነው። እኛ ግን ጥርግ እንዲል አንፈልግም። ከ100 ዘይት 5ቱ ሳይነካ ቢቀር ሳሙናው ለቆዳ ይለሰልሳል፣ የሚዛን ስህተት ቢኖርም ኮስቲክ አይተርፍም። ስለዚህ 5 በመቶ ቀንሺ፤ 2 ኪሎ ከ455 ይመጣል።

በዚህ ዓይን የሠራችሁትን እንየው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተርፋል፤ ቀድሞ አልቆ ሥራውን የሚያቆመው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው ጨዋታው። ደህና ኮስቲክ ሲገዛ 98 በመቶ ገደማ ንጹህ ነው ብለን እንያዝ። በ4 ኪሎው ጊዜ ዘይቱ ቀድሞ አለቀ፤ ከ1 ኪሎ 300 ግራም በላይ ኮስቲክ ሥራ ፈትቶ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። በ2 ኪሎው ጊዜ ተገላቢጦሽ፤ ኮስቲኩ ቀድሞ አለቀና ወደ 4 ኪሎ ከ400 ግራም ዘይት እንደ ዘይትነቱ ቀረ። ጨርቁ ላይ ያያችሁት እሱን ነው። በ2 ኪሎ ተኩሉ? የ2 ኪሎ ተኩል 98 በመቶ 2 ኪሎ ከ450 ግራም ነው። ከኔ ስሌት ጋር የ5 ግራም ልዩነት! እጃችሁ መትቷል።

ከሁለት ወር በኋላ ለምን ተበላሸ? የጥያቄሽ ምርጡ ክፍል ይሄ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዘይቱን ይረግማል። እኔ የምጠረጥረው ጆንያውን ነው።

ኮስቲክ አየር ላይ አያርፍም። ትንሽ ፍሬ ሳህን ላይ አስቀምጪና ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ጠብቂ። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ያልበዋል፣ ቆይቶ ኩሬ ይሠራል። ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይይዛል። 2 ኮስቲክ ከ1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተጣምሮ 1 ሶድየም ካርቦኔትና 1 ውሃ ይሆናል። ካርቦኔቱ ከኮስቲኩ አይለይም፤ እሱም ነጭ ነው። ግን ዘይትን ሳሙና አያደርግም። የሚገርመው ሂሳቡ ነው፤ 100 ግራም ኮስቲክ ሙሉ በሙሉ ወደ ካርቦኔት ቢለወጥ 132.5 ግራም ይመዝናል። ጆንያሽ ሲደክም ይከብዳል ማለት ነው። ሚዛኑ 2 ኪሎ ተኩል አለሽ፤ ውስጡ ያለው ኮስቲክ ግን ያ አልነበረም።

ይህን በግምት አትተዪው፣ መለካት ይቻላል። ሲትሪክ አሲድ ከኬሚካል መደብር ግዢ፤ ነጭ፣ ስኳር የሚመስል። ወንድምሽ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ላብራቶሪ ሰው አስፈቅዶ ጥቂት ጠብታ ፊኖልፍታሊን (አልካሊ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ ፈሳሽ) ያምጣ። ከጆንያው 100 ግራም ኮስቲክ ፈጠን ብለሽ መዝኚ፣ ውሃ ውስጥ ጨምሪው፣ ሲበርድ ውሃ ሞልተሽ ልክ 1 ሊትር አድርጊው። በሌላ ብርጭቆ 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ በውሃ አሟሚና ፊኖልፍታሊኑን ጠብ አድርጊበት። ከዚያ የኮስቲኩን ውሃ በሲሪንጅ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ጠብ ባለበት ቦታ ሮዝ ይልና ይጠፋል። ስታማስዪው የማይጠፋ ሮዝ ሲመጣ አቁሚ፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈጀ ጻፊ።

ስሌቱ ያው ነው፣ ድልድዩም እንደገና 3 ነው። የሲትሪክ አሲድ አንድ ሞል 192 ግራም ነው፤ አንዱ ሦስት ኮስቲክ ያረክሳል። 10 ለ192፣ ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ40፤ 6.25 ግራም ኮስቲክ። ኮስቲክሽ ሙሉ ንጹህ ቢሆን 62.5 ሚሊ ሊትር ላይ ሮዝ ይሆን ነበር። 70 ሚሊ ሊትር ከፈጀብሽ 62.5 ለ70፣ ጆንያሽ 89 በመቶ ነው። አንድ ነገር ግን እዪ፤ የሲትሪክ አሲዱ ማሸጊያ «ሞኖሃይድሬት» ካለ ውሃ ታቅፏል፣ አንድ ሞሉ 210 ግራም ይሆናል። ያኔ 62.5 የነበረው 57 ይሆናል። ካርቦኔቱም ከአሲዱ ጋር በከፊል ስለሚሠራ ውጤቱ ጆንያሽን ትንሽ ያሞካሸዋል። ለናንተ ሥራ ይበቃል።

89 በመቶ ነው እንበል። 2 ኪሎ ከ455ን ለ0.89 አካፍዪ፤ መመዘን ያለብሽ ወደ 2 ኪሎ ከ760 ግራም ነው። ያኔ የመዘናችሁት 2 ኪሎ ተኩል ነበር፤ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ዘይት ሳይነካ ቀረ። ያው ሚዛን፣ ያው ዘይት፣ ግን ቅባት።

ዘይት ስትቀይሩ ቁጥሩ ይቀየራል። የኮኮናት ዘይት ጅራቱ አጭር ስለሆነ ሞለኪውሉ ቀላል ነው፤ በ1 ኪሎ ውስጥ ብዙ ፍሬ አለ፣ ስለዚህ ወደ 183 ግራም ኮስቲክ ይፈልጋል። የበሬ ሞራ 140 ገደማ፣ የሱፍ አበባ ዘይት 135 ገደማ። ፓልሙ በጠፋ ጊዜ በሱፍ አበባ እንተካ ብላችሁ በ142 ብትሠሩት ያ 5 በመቶ መጠባበቂያችሁ ተበላ ማለት ነው። በጄሪካን የሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ከላብሳ (ከነዳጅ ዘይት ውጤት ከሚሠራ የማጽጃ አሲድ) ነው የሚሠራው፣ ከዘይት አይደለም። እነዚህን ቁጥሮች እዚያ አትውሰጂ።

ውሃውስ? ውሃው ኮስቲኩን የሚያሟሟ ነው እንጂ እኩልታው ውስጥ የለም። ከኮስቲኩ እጥፍ ገደማ ይበቃል፤ ቢበዛ መድረቂያው ይረዝማል እንጂ እጅ አይልጥም። ሁሌ ኮስቲኩን ወደ ውሃው፤ ውሃውን ወደ ኮስቲኩ በፍጹም፣ ገንፍሎ ፊት ላይ ይመጣል። መነጽርና ጓንት አድርጉ።

የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ ከዚህ ሥራ ይራቅ። ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ነው። ተማሪ እያለሁ የእናቴን ድስት ሰርቄ ሳሙና ልሠራ ሞከርኩ። ድስቱ ፉጨት ጀመረ፣ ግራጫ አረፋ ወጣ፣ በመጨረሻ ታችው ወንፊት ሆነ። አሉሚኒየምና ኮስቲክ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ያወጣሉ። 2 ሞል አሉሚኒየም፣ 54 ግራም ማለት ነው፣ 3 ሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ወደ 95 ሊትር ይጠጋል። ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፣ እኔ ደግሞ አጠገቡ ከሰል አያይዤ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ የምታነሳው ግን ድስቱን ነው። አይዝጌ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሙ።

ክብደቱ የት ሄደ ለሚል፣ የትም አልሄደም። 18.2 ኪሎ ዘይትና 2 ኪሎ ከ455 ኮስቲክ 20 ኪሎ ከ655 ይሆናል። ሲወጣ ወደ 17.9 ኪሎ ሳሙና፣ ወደ 1.9 ኪሎ ግሊሰሪን፣ 900 ግራም የሚሆን ያልተነካ ዘይት፤ ደምሪው፣ ያው ይመጣል። ግሊሰሪኑ እናንተ በምትሠሩበት መንገድ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ቆዳ የሚወደው እሱን ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ለይተው ያወጡትና ለብቻው ይሸጡታል። ዋጋ ስታወጡ ይህን አስታውሱ።

አሁን ማዳኑ። የ4 ኪሎውን ሳሙና ክተፉት፣ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ በዝግታ እሳት አቅልጡት። 3 ኪሎ ከ920 ግራም ንጹህ ኮስቲክ የሚሸከመው ዘይት፣ 5 በመቶውን አስልቼ፣ ወደ 29 ኪሎ ነው። 18.2 ቀድሞ አለ። የጎደለው 10 ኪሎ ከ900 ገደማ፣ ማለትም ወደ 12 ሊትር ዘይት ነው። ከቆየ ግን ከላይ የከሰመ ኮስቲክ ይኖራል፤ ያ ነጭ ዱቄት ካርቦኔት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 10 ሊትር ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ቁራጭ ወስዳችሁ እርጥብ አድርጋችሁ ፊኖልፍታሊን ጠብ አድርጉ። ደማቅ ሮዝ ካለ ቀሪውን ጨምሩ። ፈዛዛ ሮዝ ቢል አትደንግጡ፣ ሳሙና በተፈጥሮው አልካሊ ነው።

የ2 ኪሎው 495 ግራም ንጹህ ኮስቲክ ይጎድለዋል። ከ89 በመቶው ጆንያ ከሆነ 555 ግራም መዝኑ። የመጨረሻው 230 ግራም ይጎድለዋል፤ ከዚያው ጆንያ ወደ 260 ግራም። ሁለቱንም ኮስቲኩን በውሃ አሟሙታችሁ፣ በቀለጠው ሳሙና ላይ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ። ከዚያ ቅረጹትና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነፋስ ያለበት ቦታ ይደርደር።

ጆንያውን ዛሬውኑ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ የፕላስቲክ በርሜል ገልብጪው። በርሜሉ ላይ የምርመራውን ቀንና በመቶውን በማርከር ጻፊ። በወር አንዴ ሮዙን ድገሚው።